ትበርህ ጋ ወራጅ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን እንደተረፈን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፤ እነሱ የድርጅቱን ስም አሳጥረው ሲጠሩት እኛ ደግሞ በአፋችን አለስልሰን ካዛንቺስ አልነው። ሰዎቹ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ ስሙ ግን ዛሬም ኪራይ ሳይከፍል ይኖራል። ይህን ሊተርክልኝ የሚነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ። የማላውቃቸው ጣሊያኖች ነገር ምን አገባኝ? እኔን የሚያንገበግበኝ እዚያው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ወደ ባምቢስ ቁልቁል ሲወረድ ያለች የአንዲት ታክሲ ማቆሚያ ስም ነው። "ትበርህ ጋ" ትባላለች። ሰው በየቀኑ "ትበርህ ጋ ወራጅ" እያለ ይወርዳል፤ ትበርህ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅም ካለ የሚነገረው ውሸት ነው። እኔ ግን ትበርህን አውቃታለሁ፤ አሳድጋኛለች ብል ማጋነን አይሆንም።

አባቴ ሱሌማን ከስልጤ መጥቶ እዚያ ቁልቁለት ላይ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ከሱቁ ጋር ግድግዳ የምትጋራው የእትዬ ትበርህ ፉል ቤት ናት። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ ግድግዳዋ በእንፋሎት የወረዛ ቤት ነበረች። ጾም ሲሆን ባለ ዘይት፣ ፍስክ ሲሆን ባለ ቅቤ ፉል ትሸጣለች። የታክሲ ሾፌሮች ሥራ ሳይጀምሩ እዚያ ያቆማሉ። ሰው የጫነው ሳይቀር "አንዴ ብቻ" ብሎ ወርዶ ሙሉ ሳህን ይጨርሳል። ተሳፋሪው በመስኮት ሲሳደብ እሷ ከውስጥ ሆና "ሾፌሩ እየራበው ቢነዳህ ይሻልሃል?" ትለዋለች። በዚህ ሁኔታ ነው "የት ታቆማለህ?" ሲባል "ትበርህ ጋ" ማለት የተጀመረው። መጀመሪያ ሰሞን "ስሜን አስፋልት ላይ አትጩኹብኝ!" እያለች ወያሎቹን በማማሰያ ታባርራቸው ነበር። ኋላ ለመደችው። እንዲያውም ስሟ ሲጠራ ከውስጥ "አቤት!" እያለች ታስቀን ነበር።

ባሏ ጋሼ ገብረአምላክ የመኪና ኤሌትሪሻን ነው፤ ኦሎምፒያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እሷ የዓዲግራት ልጅ ናት፣ እሱ አስመራ የተወለደ፤ የተገናኙት ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እሱ ዝምተኛ፣ እሷ አፈኛ። ልጅ አልወለዱም። በየዓመቱ ለቂርቆስ ንግሥ ስለት ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ እኔን እያሳየ "ይቺ ልጅ መች ቤቷ ትገባለች? ልጅስ አለን" ይላታል። እውነቱን ነው፤ ከአባቴ ሱቅ ይልቅ ያደግኩት እነሱ ቤት ነው።

በ1990 ክረምት ጦርነቱ እንደተጀመረ ጋሼ ገብረአምላክን ከጋራዡ ወሰዱት። ከኤርትራ ወገን ነው ተብሎ ነው፤ በዚያ ክረምት ከሰፈራችን የተወሰደው እሱ ብቻ አልነበረም። እሷ የታሰሩበትን አፈላልጋ የደረሰችው ወደ ኤርትራ የሚወስዷቸው አውቶቡሶች ሊነሱ ሲሉ ነው። "እኔንም ጫኑኝ" ብላ ለመነች፤ "አንቺ ዜጋ ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" አሏት። እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ትበርህ! ከቤትሽ ንቅንቅ እንዳትዪ! እዚሁ ነው የምመጣው!" ብሎ ጮኸ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እጇን ይዤ አብሬያት ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ተቆረጠ፣ ፖስታው ተቆረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጣ ሰው "ደህና ነው፣ ተሰነይ አየሁት" አላት። ለዚያ ሰው የጋበዘችው ፉል ለሠርግ ይበቃ ነበር። እሷም ወደ ሱዳን የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር መልእክት ትልክ ነበር፤ ይድረስ አይድረስ የነገራት የለም።

ንቅንቅ እንዳትዪ ስላላት አልተነቃነቀችም። ቀልድ አይደለም። እናቷ ዓዲግራት ሲሞቱ ለቀብር አልሄደችም፤ እዚሁ ፉል ቤቷን ዘግታ አለቀሰች። አባቴ "ኧረ ሂጂ፣ እናት እኮ ናት" ቢላት፣ "ጋሽ ሱሌማን፣ በዚያው ሳምንት ቢመጣስ?" አለችው። ሽማግሌ የላኩባትን ሁሉ በአፏ ሸኘቻቸው። እኔ ጎረምሳ ሲያየኝ የሚስቅበት ዕድሜ ላይ ደርሼ "እትዬ፣ እሱ እዚያ አግብቶ ቢሆንስ?" ስላት ማማሰያውን አነሳችብኝ። ከዚያ ወዲያ ያንን ጥያቄ አልደገምኩትም።

በ2001 "ልማት መጣ፣ ሰፈሩ ይነሳል" ተባለ። ሌላው ሰው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ሲጨነቅ የእሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። በዚህ ከተማ ቤት ቁጥር ይዞ ሰው የሚፈልግ የለም፤ እገሌ ጋ፣ እንትና ጋ እየተባለ ነው የሚደረሰው። ባሏ የሚያውቃት አድራሻ ያቺ ቤት ብቻ ናት። ቀበሌ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ፤ ጎልማሳው ሠራተኛ በትሕትና ነው ያናገራት።

"እናት፣ ለባለቤትዎ አዲሱን አድራሻዎን ይንገሩታ።"

"በምን?"

"በስልክ።"

"ስልኩ ተቆርጧል።"

"እንግዲያው ደብዳቤ ይጻፉለት።"

"ፖስታውም ተቆርጧል። ልጄ፣ አንተ የት ሀገር ነው የምትኖረው?"

ሰውየው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከሁላችን በኋላ ለብቻዋ ቀረች። እኛ ወደ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ተሰጠን የቀበሌ ቤት ገብተን ሳለ፣ የአባቴ ሱቅ ፈርሶ ሳለ፣ እሷ ግማሽ ግድግዳ በቀረላት ቤት ውስጥ ፉል እየቀቀለች ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወያሎቹን ሁሉ በነፃ አበላች። ዋጋው አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቷ ቢፈርስም ስሟን መጥራት እንዳያቆሙ። ትልቁ ወያላ ዳባ በእጁ ደረቱን እየደቃ "እትዬ፣ እስክሞት እጠራሻለሁ!" አላት። በዓመቱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሹፌር ሆነና ወደ ሌላ መስመር ተዛወረ። ስሟን ግን ለተተኪዎቹ አስተምሮ ነው የሄደው፤ እነዚያም ለሌሎች አስተማሩ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ። በየቅዳሜው ከጀሞ ካዛንቺስ እየመጣች ማቆሚያው ላይ ትቆማለች። መንገዱ ሲሰፋ ታክሲ እንዳይቆም ተከለከለና ማቆሚያው ወደ ታች፣ አዲስ የመስታወት ሕንፃ ፊት ለፊት ወረደ። ስሙም አብሮ ወረደ። ስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ አጽፋ የመብራት ምሰሶ ላይ ትለጥፋለች፤ በማግስቱ ይላጣል። ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ጥበቃው "ማዘር፣ እዚህ አይቀመጥም" ይላታል። አንድ ቀን ንድድ ብሏት "ትበርህ ማለት እኔ ነኝ!" ብትለው፣ "እኔም ካዛንቺስ ነኝ" አላት። ይህን ስትነግረኝ እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ከዚያ ጉልበቷ እምቢ አለና ቅዳሜዋ እየሳሳ ሄደ፤ ኋላም ቀረ።

እሷ ስትቀር ወሬው ማቆሚያውን ወረሰው። ጥበቃዎቹ ትበርህ የአንድ ጣሊያን ገረድ ነበረች ይላሉ። የሞባይል ካርድ የምትሸጠው ሜቲ አርበኛ ናት ብላ ትምላለች። መኪና የሚያስቆመው መርጋ፣ ከአምቦ በኩል የመጣ ደግ ልጅ ነው፣ የሰማው ደግሞ ሌላ ነው፤ ትበርህ ፉል ሻጭ ነበረች፣ ለሾፌር ሳህን ይዛ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። ከሁሉም ለእውነት የቀረበው የእሱ ነው። የከፋውም እሱ ነው።

የ2010 ክረምት ላይ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ሰሞን ተገለበጠ። እርቅ ወረደ፣ ስልኩ ተከፈተ፣ አውሮፕላን ይበራል ተባለ። ሰው ወደማያውቀው አስመራ እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ይላቀስ ነበር። እትዬ ትበርህ ደውላልኝ "ረውዳዬ! ተከፈተ! ተከፈተ!" ትላለች፤ ከጎረቤቶቿ እልልታ በቀር ሌላ አልሰማም። በማግስቱ ጠዋት ካዛንቺስ ልሂድ ብላ ስትጣደፍ ከደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች።

እኔ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ተቃርቤ እግሬ አብጦ ተኝቻለሁ። ባሌን ተካን "ሂድና ማቆሚያው ላይ ጠይቅላት" ብዬ ላክሁት።

"ጠየቅሁ፤ ከአስመራ የመጣ ሰው የለም" ብሎኝ ተመለሰ።

"ስልኳንስ ሰጥተህ መጣህ?"

"ለማን?"

ወንድ ልኮ ቤት መዋል እንዲህ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወለድኩ፤ ልጄ ጡት እምቢ አለ፣ ታመመ፣ ዳነ። የራሴን ስም እንኳ የረሳሁበት ጊዜ ነበር። በመስከረም ድንበሩ በመኪና ሲከፈት በቴሌቪዥን አይቼ "አሁን ይመጣል" አልኩ፤ እሷም አልጋዋ ላይ ሆና እንደዚያው ትላለች።

ልጄን አዝዬ መውጣት እንደቻልኩ የመጀመሪያ ጉዞዬ ወደ ማቆሚያው ሆነ። ሜቲን አገኘኋት።

"እህት፣ ከአስመራ የመጣ፣ ትበርህ የምትባል ሴት የጠየቀ ሰው አልነበረም?"

"ውይ! ዘመዷ ነሽ እንዴ? መርጋ! መርጋ ና፣ የሟች ዘመድ መጥታለች!"

ማታ በስልክ አውርቻታለሁ፤ በአንድ ሌሊት ምን ሆነች? መርጋ እየሮጠ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ "እግዜር ያጽናሽ" አለኝ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ትበርህ ናታ። ዛሬ አይደለም፣ ማለቴ፣ ድሮ ነው። ባሏ ግን መርዶውን የሰማው ባለፈው ወር ነው። እኛው ነን ያስለቀስነው።"

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሽበታም ሰው ነው፤ ሻንጣ ይዞ ከታክሲ ወርዶ ሕንፃውን ዞረ፣ ዞረ። "ትበርህ ጋ የቱ ነው?" አለው መርጋን። "እዚሁ ነው።" "ትበርህስ?"

"በቃ፣ የማውቀውን ነገርኩታ" አለ መርጋ። "ሰውየው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። እንግዳ ሰው፣ ዘመድ የለው፣ ብቻውን ሊያለቅስ ነው? እዚህ ጥጉ ላይ ድንኳን ተከልንለት። ሜቲ ንፍሮ ቀቀለች፣ ጥበቃዎቹ ወንበር አወጡ፣ ወያሎቹ ሥራቸውን ተራ እየገቡ አብረውት ተቀመጡ። ከላይ ያሉት የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ ወርደው አጽናኑት። እስከ ሣልስቱ ነው ያልተለየነው፤ ቂርቆስ ወስደንም ፍትሐት አስደረግንላት። አይዞሽ እህቴ፣ ያላለቀሰላት ሰው የለም።"

ልጄ ጀርባዬ ላይ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም አብሬው። በመሐል እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ "በሕይወት አለች እኮ!" ብዬ ጮኽኩ። "ጀሞ ናት! ማታ አናግሬያታለሁ!"

መርጋ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "ንፍሮዋን በልቻለሁ እኮ" አለ።

የቀረውን የነገረችኝ ሜቲ ናት፤ ሳትፈልግ ነው የነገረችኝ። ሰውየው በድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰ ተናዝዞላቸዋል። እዚያ ብዙ ዓመት ብቻውን ኖሮ ኋላ አግብቷል። ልጆች አሉት፤ ፎቷቸውን አሳይቷቸዋል። የመጣው ከትበርህ ጋር ሊኖር አልነበረም። እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠይቆ ሊመለስ ነበር። ሲሄድ "መቃብሯን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ደውሉልኝ" ብሎ ስልኩን ለመርጋ ሰጥቶታል። ቁጥሩን በእኔ ስልክ ላይ መዘገብኩት።

ጀሞ እስክደርስ ስንቱን እንደማልነግራት ስወስን፣ ሳፈርስ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ግን ፊቴን አየችና "መጣ?" አለችኝ።

"መጣ" አልኳት።

ከአልጋዋ ብድግ ልትል ሞከረች። ፊቷ እንዲያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። "አላልኩም? ሞቷል፣ ረስቶሻል ስትሉኝ የነበራችሁ ሁሉ! አላልኩም? የት አለ? ከውጭ ነው ያቆምሽው?"

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መደበቅ አልቻልኩበትም። ስለ ድንኳኑ ስትሰማ ሳቀች። "ንፍሮ ቀቀሉ? ለእኔ?" አለች። ወያሎቹ ተራ ገብተው መቀመጣቸውን ስነግራት... እሷ ስትስቅ እኔ ተንዘፍዝፌ አለቅሳለሁ፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም። ልጆቹ ላይ ስደርስ ሳቋ ቆመ።

"ሴት ልጅም አለችው?"

"አለችው። ለምለም ትባላለች አሉ።"

"ጥሩ ስም ነው" አለች። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስልኬን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። "ደውይለት።"

"ምን ብዬ? ከመቃብር ነው የምደውለው ልበለው?"

"ስደቢው! እኔ ልስደብልሽ! ሃያ ዓመት እትዬ! እናትሽን አልቀበርሽም! ሰው እንዴት..."

"ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው፤ ጠየቀ። አለቀሰ። ፍትሐት አስደረገ። አሁን ብደውልለት እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሚስቲቱ ምን አደረገችኝ?"

"አንቺስ?"

ጣሪያውን እያየች "እኔ አሞኛል ረውዳ" አለች። "ዳሌዬን አይደለም። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ቁጭ ያልኩት ይቅርታ እስኪመጣልኝ አልነበረም።"

ልደውል መሆኔን ከዓይኔ አነበበች መሰለኝ፣ እጄን ጨብጣ "በአባትሽ በሱሌማን ሞት" አለችኝ። አባቴን ምን ያህል እንደምወደው ታውቃለች። ቁጥሩ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ አልደወልኩም። ስናደድ አወጣውና አየዋለሁ።

ከወራት በኋላ በክራንች መቆም ስትጀምር "ካዛንቺስ ውሰጂኝ" አለችኝ። ለቅሶ የደረሱላትን ሰዎች ልታመሰግን ነው። መርጋ ሲያያት ጉልበቷ ላይ ተደፋ፤ አንስታ ሳመችው። ሜቲን "ንፍሮሽ ጨው በዝቶበት ነበር አሉ" ብላ አሳቀቻት። ጥበቃው ወንበር አመጣላት፤ ያ "እኔም ካዛንቺስ ነኝ" ያለው እሱ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። እያንዳንዳቸውን እጃቸውን ይዛ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልኝ" አለቻቸው። ትልቅ ሰው ማለት ይህቺ ናት ብዬ ኮራሁባት፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ልንሄድ ስንል አንድ ታክሲ መጥቶ ቆመ። ወያላው፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ በሩን ከፍቶ "ትበርህ ጋ! ትበርህ ጋ ወራጅ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ትበርህ ክራንቿን እየጎተተች ሄዳ በሩን ያዘችበት።

"ልጄ፣ ይህን ስም ተዉት።"

"የቱን?"

"ትበርህ ጋ የምትሉትን። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ በሉት።"

ወያላው በትዕግሥት ፈገግ አለ። "ማዘር፣ የሰፈሩ ስም እኮ ነው። ሌላ ብንለው ሰው የት እንደሚወርድ አያውቅም።"

"እኔ ነኝ እኮ!" አለች። "እሱ እንዲሰማ ነበር የምትጠሩኝ። አሁን የሚፈልገኝ የለም። ለማን ነው የምትጠሩኝ?"